ስለ ሥራ ምርጫና ስለ ሙያ ምክር፤ በዳባት፣ በደባርቅና በስሜን ግርጌ

ይህን አጭር ሐተታ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በኮሌጃችን በየዓመቱ የሚደጋገም አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ሊያልቅ ሲል የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጽ ይታደላል፤ ተማሪውም የተዘረዘሩትን ስሞች ከላይ እስከ ታች ያነብና በጥቂት ቀን፣ አንዳንዴም በአንድ ሌሊት፣ ወደፊት የሚኖርበትን ሥራ በተራ ቁጥር ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ የሚወስነው ያገኘው ነጥብና በክፍሉ ያለው ቦታ ነው። ባልንጀሮቻችንን ‹‹ይህን ክፍል ስለ ምን መረጥህ?›› ብለን ስንጠይቅ ከሰማናቸው መልሶች አብዛኞቹ ስለ ሥራው የሚናገሩ አልነበሩም፤ ‹‹ሥራ ይገኝበታል ስለ ተባለ››፣ ‹‹አጎቴ ስለ መከረኝ››፣ ‹‹ለሌላው ነጥቤ ስለማይበቃ›› የሚሉ ነበሩ። ‹‹ይህን ሥራ ከሚሠራ ሰው አጠገብ አንድ ቀን ውዬ ዐይቻለሁ›› ያለን ከሁለትና ከሦስት ሰው አይበልጥም።

ጥያቄያችን እንግዲህ ይህ ነው። ሰው የሚወደውን ሥራ እንዲያገኝ በምክር ሊረዳ ይችላልን? የሚቻልስ ከሆነ ምክሩ እንደ እኛ ባለ አገር እንዴት ያለ መሆን ይገባዋል? ነገሩን በአየር ላይ እንዳንናገር፣ ተወልደን ያደግንበትንና ለዕረፍት በሄድን ቁጥር የምንመላለስበትን አገር ለምሳሌ ወስደናል። ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወጣው ዐቢይ መንገድ አምባ ጊዮርጊስን ያለፈ ሰው መጀመሪያ ዳባትን፣ ቀጥሎም ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደባርቅን ያገኛል። ከደባርቅ በኋላ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ደጋው የገብስ፣ የባቄላና የድንች አገር ነው፤ መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል እየጠበበ ስለ ሄደ ከአንድ ቤት ልጆች ውስጥ ብዙዎቹ ሞፈር መያዝ ቢፈልጉ እንኳ የሚያርሱት አያገኙም። ስለዚህ ‹‹ምን ትሠራለህ?›› የሚለው ጥያቄ እዚህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። መልስ ያላገኘለት ወጣት ክረምትና መጸው ሲሆን ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል፤ ወይም ከዚያ አልፎ ድንበር ይሻገራል።

ስለ ቃላቱም ጥቂት እንበል። በአገራችን አነጋገር ሥራ፣ እንጀራና ሙያ አንድ አይደሉም። ‹‹እንጀራዬ ነው›› የሚል ሰው ስለሚበላበት ነገር ይናገራል እንጂ ይውደደው አይውደደው አይነግረንም። ‹‹ባለሙያ ናት›› የተባለች ሴት ግን ወጥ ስትሠራ፣ ጠላ ስትጠምቅ፣ ስፌት ስትሰፋ እጅዋ የሚያምርላት ናት፤ ደመወዝ የሚባል ነገር በዚህ ውስጥ የለም። የገጠሩ ሰው ሙያ ሲል የእጅን ብልኀትና የሰውን ክብር ያስባል፤ የቢሮው ሰው ሙያ ሲል ግን የምስክር ወረቀትን ያስባል። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ወጣት ልብ ውስጥ እንደሚጋጩ እያየን ነው። በዚህ ላይ ‹‹ሙያ በልብ ነው›› የሚለው ተረት አለ። ተረቱ ጉረኛን ለመገሠጽ የተነገረ ቢሆንም፣ በወጣቱ ዘንድ ምኞትን እስከ መደበቅ የደረሰ ይመስለናል። በዳባት አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪን በቤቱ ተቀምጠን ምን መሥራት እንደሚወድ ብንጠይቀው ዐይኑን ወደ አባቱ ጣል አድርጎ ‹‹እሳቸው እንዳሉኝ ነው›› አለን። ማታ ውሃ ልኮ ሲሸኘን ግን የመኪና ሞተር ሲፈታ ማየት ከሁሉ እንደሚበልጥበት ሳንጠይቀው ነገረን።

አሁን ወደ ምክሩ ታሪክ እንመለስ። ወጣቶችን በሥራ ምርጫ ለመርዳት የተለየ ቢሮ በመክፈት ስሙ በሰፊው የሚነሣው አሜሪካዊው ፍራንክ ፓርሰንስ ነው። እርሱ ራሱ በመሐንዲስነት ሠልጥኖ በኋላ መምህርም ጠበቃም ሆኖ የሠራ፣ ከሥራ ወደ ሥራ የተንከራተተ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 በቦስተን ከተማ፣ ከውጭ አገር የመጡ ድኾች በሚኖሩበት ሰፈር፣ የሙያ መምረጫ ቢሮ አቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ሞተና መጽሐፉ በ1909 ታተመ። ትምህርቱ ባጭሩ ሲነገር ይህ ነው፤ ሰው በመጀመሪያ ራሱን ይወቅ፣ ቀጥሎ የሥራዎችን ጠባይ፣ የሚጠይቁትንና የሚሰጡትን ይወቅ፣ ከዚያ ሁለቱን በአእምሮው ያስማማ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ንድፈ ሐሳብ ተጽፏል፤ ነገር ግን ዛሬ በእንግሊዝኛ ስሙ ‹‹ካሪየር ኮቺንግ›› የሚባለውም ቢሆን ከእነዚህ ከሦስቱ ርቆ አልሄደም። አዲስ ነገር ቢኖረው አጠያየቁ ነው። የድሮ መካሪ ‹‹ይህን አድርግ፣ ያንን ተው›› ይላል፤ የዛሬው ደግሞ እየጠየቀ ሰውዬው ራሱ እንዲናገር፣ የተናገረውንም በትንሽ ሥራ እንዲሞክረው ያደርጋል።

በአገራችንም በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የሙያ ማበልጸጊያ ማዕከሎች ተቋቁመዋል፤ ‹‹ደረጃ›› የተባለውም ድርጅት ተመራቂዎችን ስለ ሥራ ፍለጋ፣ ስለ ማመልከቻ አጻጻፍና ስለ ቃለ መጠይቅ ያሠለጥናል። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም አብዛኛው የሚሰጠው ተማሪው ሊመረቅ ሲል ስለሆነ ሙሽራዪቱ ቤት ከገባች በኋላ ሽማግሌ እንደ መላክ ይሆናል። ደግሞም ዩኒቨርሲቲ የማይገባው ምን ይሁን? የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ምክሩ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ የሚደርሰው ለእነዚህ ጥቂቶች ነው ማለት ነው።

ፓርሰንስ ‹‹ሥራዎችን እወቅ›› ያለው ለቦስተን ልጅ ቀላል ነበር፤ ከቤቱ ወጥቶ ጥቂት ቢራመድ ሃምሳ ዓይነት ሥራ ያይ ነበርና። የደባርቅ ልጅ የሚያያቸው ግን ይቈጠራሉ። መምህር፣ ነርስ፣ የእርሻ ሠራተኛ፣ ፖሊስ፣ ሾፌር፣ ነጋዴ፣ አስጎብኚ፣ ከእነዚህም ውጭ ቄስና ገበሬ። ልጃገረዶችን የጠየቅን እንደሆነ ከብዙዎቹ አፍ የሚወጣው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሚለው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ይህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች እየሠለጠኑ ስለ ተመደቡ፣ ደብተር ይዛ ደጃቸው ድረስ መጥታ ከእናታቸው ጋር ስትነጋገር ያዩዋት ባለደመወዝ ሴት እርስዋ ናት። ያላዩትን መውደድ አይችሉም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው በደጃቸው ያለውን ሥራ እንኳ አለማየታቸው ነው። በዳባት፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች የሚወለደውን፣ የሚሞተውንና ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወረውን ሰው ቤት ለቤት እየተከታተለ የሚመዘግብ የምርምር ማዕከል አለ። ከዚያ የተገኘው ቍጥር በሩቅ አገር ሊቃውንት ጽሑፍ ውስጥ ይነበባል። በከተማው ያነጋገርናቸው ተማሪዎች ግን መዝጋቢዎቹን ‹‹ሰው ቈጣሪዎች›› ብለው ከማወቅ በቀር፣ ከእነርሱ በኋላ መረጃውን የሚያጣራ፣ የሚያሰላ፣ የሚተነትን ሰው እንዳለና ይህም ራሱን የቻለ ሙያ እንደ ሆነ አልሰሙም። ሒሳብ የሚወደው ልጅ ሁሉ ‹‹የሒሳብ መምህር›› ይላል፤ ሒሳብ ሌላ ምን እንደሚሠራ ያሳየው የለም። እንግዲህ በእኛ አገር የሙያ መካሪ የመጀመሪያ ሥራው ‹‹ልብህ ምን ይላል?›› ብሎ መጠየቅ አይመስለንም። ልቡ ያላየውን አይናገርም። አስቀድሞ ይዞት መዞር፣ ማሳየት፣ ማስነካት አለበት።

ይህ ነገር ለአገሩ አዲስ አይደለም። ጎንደርና አካባቢው የቤተ ክህነት ትምህርት አገር ነው፤ በዚያ ትምህርት ውስጥ ስሙ ያልተጠራ የሙያ ምክር አለ። እኛ በሚስዮን ትምህርት ቤት ስላደግን ይህን ያወቅነው ከመጽሐፍ ሳይሆን የቆሎ ተማሪ ከነበሩ ዘመዶቻችንና ጓደኞቻችን አፍ ነው። ልጁ ፊደል ቈጥሮ ንባብና ዳዊት ከጨረሰ በኋላ ወደ ዜማ ቤት ወይም ወደ ቅኔ ቤት ይሄዳል። በዜማ ቤት ሳለ መምህሩ በየቀኑ ድምፁን ይሰማል፤ በቅኔ ቤትም ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ በየጊዜው እየነገረ መምህሩ ያርመዋል። እንዲህ ሲሆን ማን ለምን እንደ ተፈጠረ ከወራት በኋላ ከመምህሩም ከጓደኞቹም የተሰወረ አይሆንም። ድምፁ የማይታዘዝለት ነገር ግን ምሥጢር ፈጥኖ የሚገባው ልጅ ወደ ቅኔና ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ያዘነብላል፤ ድምፁ የሚያምረውም ወደ ድጓና ወደ አቋቋም። ከዚያ በኋላ ስንቁን በአኩፋዳ ይዞ ሙያው ወዳለበት ቦታ ይጓዛል፤ ድጓን ለማስመስከር ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን ዙር አባ፣ አቋቋምን ጎንደር በአታ። መምህር መለወጥም ነውር የለበትም። አንዱ ዘንድ ያልተስማማው ሌላውን ፍለጋ ሲሄድ ‹‹ወደቀ›› አይባልም፤ ‹‹ሌላ መምህር ሊጠይቅ ሄደ›› ይባላል እንጂ።

ይህን ስንል ያንን ትምህርት ከልክ በላይ ለማመስገን አይደለም። ልጁ የሚኖረው በልመና ነው፤ ውሻ ይነክሰዋል፤ ቁንጫና እከክ ይበላዋል፤ ሴት ልጅም በዚህ መንገድ የምታልፈው እጅግ ጥቂት ናት። እኛን የሳበን ሥርዓቱ ነው፤ ይኸውም መቅመስ ከመምረጥ ይቀድማል፤ የሚቀምሰውንም አንድ ዐዋቂ ቀርቦ ያየዋል። በእኛ በሚስዮን ትምህርት ቤት ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተማሪ በተራ በአናጢ ቤት፣ በአትክልት ቦታ ወይም በዳቦ መጋገሪያ ይሠራ ነበር። ብዙዎቻችን እንደ ቅጣት ቈጥረን አጕረምርመናል። ነገር ግን ከእኛ መካከል እንጨት ሲልግ ሰዓቱ መሄዱን የሚረሳው አንዱ ልጅ ማን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ ሁላችንም እናውቃለን፤ እርሱም ዛሬ የሚሠራው ያንኑ ነው።

በከፍተኛ ትምህርትም ዘንድ እንዲሁ ያለ ነገር ተሞክሯል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር፤ እነዚህም ተማሪዎች ወደ ጤና ጣቢያ ወጥተው በቡድን እየሠሩ አንዱ የሌላውን ሥራ ያይ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪው ትምህርቱን ሳይጨርስ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ ይልቁንም በማስተማር፣ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። ዓላማው አገርን ማገልገል ነበረ እንጂ ሙያ ማስመረጥ አልነበረም። ቢሆንም አንድ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው መምህርነት ይስማማው ወይም አይስማማው እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ማየትና መቅመስ ግን ብቻውን አይበቃም፤ በመካከል ንቀት ቆሞአልና። በወገራና በስሜን ብረት መቀጥቀጥና ሸክላ መሥራት በአብዛኛው የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ሥራ ነበር። ገበሬው ማረሻውን የሚያሠራው፣ ሴቲቱም ድስትዋን የምትገዛው ከእነርሱ ሆኖ ሳለ፣ ባለ እጅ ብሎ ይንቃቸው፣ ቡዳ ብሎም ይሸሻቸው ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለዋል፤ ይህም ፓርሰንስ በቦስተን ቢሮውን ከከፈተበት ዘመን ጋር ግጥም ማለቱ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። አንዱ ለሥራ ሰው ሲፈልግ ሌላው ለሠሪው ክብር ይፈልግ ነበር። ቤተ እስራኤሎች በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት የአውሮፕላን ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ንቀቱ ግን አብሮ አልተሳፈረም፤ እዚሁ ቀርቶ ሌላ የሚያርፍበት ሰው አገኘ።

በደባርቅ የብረት በርና መስኮት በሚሠራበት ቤት ያገኘነው አንድ ወጣት ሥራውን እንደሚወድ ሳይደብቅ ነገረን። ሁለት ብረት ሲበየድ መጋጠሚያው ቀጥ ካላለ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም። ነገር ግን እናቱ ጎረቤት ሲጠይቃት ‹‹ልጄ ሥልጠና ላይ ነው፤ ሲጨርስ ቢሮ ይገባል›› ትላለች። ሥልጠናውን ከጨረሰ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል፤ ገቢውም ከብዙ የቢሮ ጸሐፊዎች ይበልጣል። ‹‹እሷን ደስ ለማሰኘት ስል ትቼው ብሄድስ እላለሁ›› አለን። እንዲህ ላለው ሰው የሙያ ምክር ምን ያደርግለታል? ስለ ጠባዩ መጠይቅ ቢሞላ የሚያገኘው መልስ አስቀድሞ የሚያውቀውን ነው። የሚረዳው እናቱን ወደ ሥራው ቦታ የሚጋብዝ፣ በሩ የተሠራለትን ሰው ቤት የሚያሳያት፣ የነፍስ አባቷም ይሁኑ የዕድሩ ዳኛ ሰው የሚሰማቸውን ሽማግሌ በነገሩ የሚያገባ መካሪ ነው። የውጭ አገር መጻሕፍት ምክሩ በመካሪና በተመካሪ መካከል ብቻ ይሁን ይላሉ፤ በከተማ ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። በዳባትና በደባርቅ ግን ውሳኔው የቤተ ሰብ ስለ ሆነ፣ ቤተ ሰቡን ደጅ ያስቀረ ምክር ደጅ ይቀራል። ልጁን ለብቻ መስማት፣ ቤተ ሰቡን በኋላ በአንድነት ማነጋገር፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን እንላለን።

ሥራን መውደድ ምን ማለት እንደ ሆነም ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ኤሚ ሬዝኔስኪ የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት 196 ሠራተኞችን ጠይቀው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 24ቱ አንድ ዓይነት የቢሮ ረዳትነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም ሥራውን እንደ መብያ ብቻ የሚያዩት፣ እንደ ማደጊያ መሰላል የሚያዩትና እንደ ተጠሩበት ነገር የሚያዩት ቍጥራቸው በግምት እኩል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ፍቅሩ በሥራው ስም ላይ ተጽፎ አይገኝም ማለት ነው። እኛም በስሜን ተራሮች ፓርክ ስካውቶች ዘንድ ይህንኑ ዐይተናል። አንዱ በብርድ ጠመንጃውን ታቅፎ ቀኑን ይቈጥራል፤ ያው ኮት የለበሰው ሌላው ደግሞ ዋልያዋ ባለፈው ሳምንት ግልገል ይዛ የታየችበትን አፋፍ ካላሳየኋችሁ ብሎ እጃችንን ይጐትታል። ደመወዛቸው አንድ ነው።

በመጨረሻም እጅግ አስቸጋሪ ወደ ሆነው ነገር ደርሰናል። ሰው የሚወደውን ሥራ አግኝቶ ሥራው ራሱ ቢጠፋስ? ይህ በደባርቅ ደርሷል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ያለበት ደባርቅ ቀስ በቀስ የእንግዳ ከተማ ሆነች። እንግዳው በጽሕፈት ቤቱ ተመዝግቦ አስጎብኚ፣ ስካውት፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ይዞ ይወጣ ነበር፤ ባለ በቅሎዎቹም እድሉ ለሁሉ እንዲዳረስ በተራ ይሠሩ ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ሲወጣ በከተማው ትልቅ ተስፋ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ገባ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ ገጠር ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ውጊያ መንገዱን ለእንግዳ አስፈሪ አደረገው። ሁለትና ሦስት የውጭ አገር ቋንቋ በራሳቸው ጥረት የተማሩ አስጎብኚዎች ሥራ አጥተው ተቀመጡ።

ከእነዚህ ሦስቱን ለየብቻ አግኝተን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅናቸው፤ ‹‹ከሥራህ ውስጥ ከሁሉ የምትወደው የትኛው ሰዓት ነበር?›› አንደኛው ከሳንቃበር ወደ ግጭ ሲጓዙ እንግዳው የጭላዳ መንጋ ሣር ሲነጭ መጀመሪያ ያየ ጊዜ የፊቱን መለወጥ ማየት እንደ ሆነ ነገረን። ሁለተኛው ማታ በእሳት ዙሪያ ሰዎቹ በቋንቋቸው ሲጨዋወቱ አዲስ ቃል መልቀም አለ። ሦስተኛው ግን ጥቂት አሰበና ‹‹እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጧት አሥር በቅሎ ተጭኖ፣ ሁሉም ተሟልቶ፣ ጕዞው በሰዓቱ ሲነሣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ብዙም አልወደውም ነበር›› አለን። በአንድ የሥራ ስም ውስጥ ሦስት ሙያ ነበረ ማለት ነው። የመጀመሪያው ያጣው ማስተማርን ነው፤ ማስተማር ደግሞ እንግዳ ሳይመጣም ይገኛል። የሁለተኛው ትርጕምና ቋንቋ ነው። የሦስተኛው ሰውና ዕቃን በሰዓቱ አሰናድቶ ማንቀሳቀስ ነውና ለእህል ነጋዴም፣ ለዕርዳታ ድርጅትም፣ ለሆስፒታልም ይጠቅማል። ጥሩ መካሪ የሚረዳው በዚህ ይመስለናል፤ የሥራውን ስም ከተወደደው ነገር ለይቶ ያሳያል።

ለምክር ግን ልክ አለው፤ ያልተከፈተ ሥራ ሊከፍት፣ መንገድ ሊያረጋጋ፣ መሬት ሊያሰፋ አይችልም። አንድ ሽማግሌ ባለ በቅሎ ይህን ሁሉ ስናወራ በትዕግሥት ከሰሙን በኋላ ‹‹ልጆቼ፣ ጥያቄያችሁ መልካም ነው፤ ለበቅሎዬ ገብስ ግን አይሆናትም›› ብለውናል። የወጣቱን ሥራ ማጣት ሁሉ በራሱ አለማወቅ ላይ የሚያሳብቡ አንዳንድ የዛሬ አሠልጣኞች እኚህን ሽማግሌ ቢሰሟቸው በወደድን።

ለኮሌጃችን የምናቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የምርጫው ቅጽ ከመታደሉ አስቀድሞ ባለው ሴሚስተር እያንዳንዱ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ቢያንስ በሦስት ልዩ ልዩ ሥራዎች ላይ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሙሉ ቀን፣ ከሠራተኛው አጠገብ እንዲውልና ያየውን በሁለት ገጽ እንዲጽፍ ይደረግ። መምህራኑም ጽሑፉን ለነጥብ ሳይሆን ለመነጋገሪያ ያንብቡት። ከወገራ፣ ከዳባትና ከስሜን የመጣን ተማሪዎች ደግሞ በበኩላችን በሚመጣው ክረምት እያንዳንዳችን በአገራችን የሚገኝ አንድ ሠራተኛን፣ ብረት በያጅም ይሁን መረጃ መዝጋቢ፣ ስካውትም ይሁን አዋላጅ ነርስ፣ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ፣ የትኛውን ሰዓት እንደሚወድና የትኛውን እንደሚጠላ ጠይቀን ለመጻፍ ተስማምተናል። ጽሑፎቹ በመስከረም ተሰብስበው በእጅ ይገለበጡና አንድ አንድ ቅጂ ለዳባትና ለደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ይሰጣሉ። በዚህ ሥራ ለመተባበር የሚፈልጉ ባልንጀሮቻችን ስማቸውን ለዚህ መጽሔት አዘጋጆች ቢያስመዘግቡ የሚጠይቁትን ሰው አስቀድመን እንከፋፈላለን፤ እስካሁን አዋላጅ ነርስ የምትጠይቅ ሴት ተማሪ አልተገኘችም።